ግንዱን ትቶ ቅጥያውን፦ ስለ ቃላት ምሥረታ ትምህርት የቀረበ ሂስ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ አድርጎ፣ በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በጉንደ ወይን ያልፋል። የከተማይቱን ስም አንዱ «ጉንደ ወይን»፣ ሌላው «ግንደ ወይን» እያለ ይጽፈዋል። ቃሉን በአቀማመጡ ለፈታው ሰው ሁለቱም አጻጻፎች ወደ አንድ ሥፍራ ያደርሱታል። በግእዝ «ጉንድ» የሚባለው በአማርኛ «ግንድ» ነው። ሳድሱ «ድ» ወደ ግእዝ «ደ» ሲለወጥ ቃሉ ከሚከተለው ስም ጋር መዛመዱን ያመለክታል፤ እንግዲህ «የወይን ግንድ» ማለት ይሆናል። ጎረቤቷ ደብረ ወርቅ፣ የዞኑ ከተማ ደብረ ማርቆስም በዚሁ ሥርዓት የተሠሩ ስሞች ናቸው። በየትምህርት ቤቱ ግቢ የሚገኘው «ቤተ መጻሕፍት»ም እንዲሁ ነው። «ትምህርት ቤት» የሚለው ስም ግን ተገላብጦ የቆመ ነው፤ በግእዙ ሥርዓት ፊት የሚገኘው ቤት በአማርኛው ሥርዓት ከኋላ ይመጣል። አንድ ልጅ ማለዳ ከቤቱ ወጥቶ ክፍሉ እስኪገባ ድረስ ሁለቱንም የቃል ጥምረት ሥርዓቶች በዓይኑ አንብቧል ማለት ነው።

ይህ ልጅ 7ኛ ክፍል ሲደርስ፣ ቀድሞ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ይባል በነበረው፣ ዛሬ መካከለኛ ደረጃ በሚባለው እርከን፣ «የቃላት ምሥረታ» ከተሰኘ ርእስ ጋር ይገናኛል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ይህን ግንኙነት ነው። ጉዳዩ የመምህራን ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን ነገ ልብ ወለድ የሚጽፈው፣ ተውኔት የሚደርሰው፣ በስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ የሚይዘውና ለሕዝብ መግለጫ የሚያዘጋጀው ሰው ዛሬ በዚያ ክፍል ወንበር ላይ ተቀምጧልና የኪነ ጥበብ መጽሔትም ጉዳይ ነው።

ትምህርቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው በሚከተለው መልክ ነው። መምህሩ በቅድሚያ ብያኔ ያጽፋሉ፦ ምዕላድ ምንድን ነው? ነጻ ምዕላድና ጥገኛ ምዕላድ በምን ይለያያሉ? ቅድመ ቅጥያ የቱ ነው? ድኅረ ቅጥያስ? ከዚያ ምሳሌ ይሰጣል፤ «ቤቶች» ሲባል «ቤት» እና «-ኦች»፣ «ልጅነት» ሲባል «ልጅ» እና «-ነት» መሆኑ ይነገራል። ቀጥሎ ተማሪው የተሰጡትን ቃላት ይቆራርጣል፤ ለእያንዳንዱ ቁራጭም ስም ያወጣል። በመጨረሻ በፈተና ወረቀት ላይ ከ«ሀ» እስከ «መ» ከተደረደሩት አንዱን ይመርጣል። ትምህርቱ በዚህ ይዘጋል። ተማሪው ስለ ቃላት ምሥረታ ተምሯል፤ ነገር ግን አንድም ቃል አልመሠረተም።

ሂሳችን ሐሰት ተማረ የሚል አይደለም። «ልጅነት» የሚለው ቃል በእርግጥ «ልጅ» እና «-ነት» ነው። ጉድለቱ ሌላ ነው፤ ትምህርቱ ከአማርኛ ዳርቻ ጀምሮ በዳርቻው ያበቃል። በዚህ ቋንቋ ውስጥ ዋናው የቃል መሠሪያ ሥፍራ የቃሉ ጫፍ ሳይሆን ሆዱ ነው። ይህን ለማስረዳት አንድ ግስ እንውሰድ።

«ቆረጠ» ብለን እንነሣ። ሦስት ተነባቢዎች አሉት፤ ቅ፣ ር፣ ጥ። እነዚህ ሦስቱ ቅደም ተከተላቸውን ሳይለቁ በመካከላቸው ያለው ድምፅ ሲለዋወጥ ምን እንደሚሆን እንመልከት። የሚቆርጥ ሰው «ቆራጭ» ነው። ተቆርጦ የቀረው «ቁራጭ» ነው። ጫፉ የጎደለው «ቆራጣ» ነው። በአንድ ነገር ላይ ልቡ የጸና ሰው «ቆራጥ» ነው። ያለቀ የደቀቀ ነገር «ቁርጥ» ይባላል፤ በሥጋ ቤት የሚበላውም ስሙ ይኸው ነው። ሆድን የሚይዘው ሕመም «ቁርጠት» ነው። ብዙ ሆኖ የተበጣጠሰው «ቁርጥራጭ» ይሆናል። ሥራው የሚከናወንበት መሣሪያ «መቁረጫ»፣ የሚከናወንበት ሁኔታ «አቆራረጥ» ይባላል። ከ«ቁርጥ» ላይ ደግሞ «ቁርጠኛ»፣ ከዚያም ላይ «ቁርጠኝነት» ይበቅላል። «ቆራጭ»ን ከ«ቆራጥ» የለየችው አንዲት የመጨረሻ ድምፅ ናት፤ የአንዱ ሥራ በእንጨት ላይ፣ የሌላው ሥራ በገዛ ራሱ ልብ ላይ ነው። ይህን ሁሉ በቅድመና በድኅረ ቅጥያ ብቻ እንፍታው ብንል እጃችን ላይ የሚቀሩት «ቁርጠኛ» እና «ቁርጠኝነት»፣ ምናልባትም የ«መቁረጫ» መነሻ ብቻ ይሆናሉ።

ቆራርጦ መፍታት የሚያስከትለው ስሕተትም አለ። «ቁርጥማት» የሚለውን ቃል ለዚህ ተማሪ ብንሰጠው «ቁርጥ» እና «-ማት» ብሎ ሊከፍለው ይችላል። ቃሉ ግን ከ«ቆረጠ» ቤት አይደለም፤ አራት ተነባቢ ካለው ከ«ቆረጠመ» የተወለደ ነው። ዓይኑን ጫፍ ላይ ብቻ የተከለ ሰው ዘመድን ከባዕድ መለየት ይሳነዋል።

ከዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ቅጥያን ብቻ የሚያይ ትምህርት ከየት መጣ? ለአንዳንድ ቋንቋዎች ይህ አካሄድ በእርግጥ የተስተካከለ ነው። በእንግሊዝኛ «ቲች» የሚለው ግስ ሳይነካ በጫፉ ላይ በሚታከል ድምፅ «ቲቸር» ይሆናል። በአገራችንም አፋን ኦሮሞ «በር-» የሚለውን መሠረት ይዞ በስተኋላው በመቀጠል «በርሲሳ» ብሎ መምህርን፣ «በሩምሰ» ብሎ ትምህርትን ይጠራል። በእነዚህ ቋንቋዎች ግንዱ ቆሞ ቅርንጫፉ ይጨመራል። በግእዝ፣ በትግርኛ፣ በዐረብኛና በአማርኛ ግን ግንዱ ራሱ ይሠራል። ስለሆነም ለአንዱ የሚበጅ የማስተማሪያ ሥርዓት ለሌላው እንዳለ ሲገለበጥ የሚጎዳው ተማሪው ነው።

የሚያስቆጨው ደግሞ የተሻለው መንገድ በሩቅ አገር የሚፈለግ አለመሆኑ ነው። ደብረ ወርቅ በዚሁ መንገድ ላይ ናት። ቢቸና አጠገብ ዲማ ጊዮርጊስ አለ። ምሥራቅ ጎጃም የቅኔ ጉባኤ አገር ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ለአንባቢ ያቀረቡት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት የተማሩት በእነዚህ አድባራት ነበር። በቅኔ ቤት ተማሪው ብያኔ ከመስማቱ በፊት ግስ ያወርዳል። ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ተንበለ፣ ባረከ፣ ማህረከ፣ ሴሰየ፣ ክህለ፣ ጦመረ የሚባሉትን ስምንቱን አርእስተ ግስ ይይዛል። አዲስ የመጣ ግስ ሁሉ ከነዚህ ቤት በአንደኛው እንደሚገባ ይማራል። ርባ ቅምሩን በቃሉ ያጠናል። ከዚያም ከሁለት ቤቷ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል። ትናንት የተናገረውን ዛሬ ይዞ ቢቀርብ ክብር የለውም። የተማረውን ቃል በማግሥቱ ሊሠራበት ግድ ነው። መምህሩም የሚያርሙት የሠራውን ነው።

«ምዕላድ» የሚለው ስያሜ ራሱ ከዚያው ቤት የመጣ ነው። የቅኔ ቤት ሊቃውንት ከሥሩ ፊደላት ብቻ የተሠራውን ስም «ዘመድ ዘር»፣ በመነሻው ፊደል የታከለበትን «ባዕድ ዘር» ይሉታል፤ በመድረሻው የሚታከለውን ፊደል ደግሞ «ምዕላድ» ይሉታል። ዘመናዊው ሰዋስው ስሙን ወስዶ ለማናቸውም ትርጉም አዘል የቃል ክፍል ሰጠው። ስም መዋስ ነውር አይደለም፤ ዕውቀት የሚያድገው እንዲህ ነው። ነገር ግን ስሙን ስንወስድ ከስሙ ጋር የነበረውን ልምምድ እዚያው ትተነው መጣን። «ዘመድ» እና «ባዕድ» የሚለው ክፍያ ለ13 ዓመት ልጅ ምን ያህል ግልጽ እንደሆነ ለማየት የሐዲስ ዓለማየሁን መጽሐፍ ርእስ ብቻ መውሰድ ይበቃል። «ፍቅር» ከሥሩ ፊደላት ብቻ ተሠርቶ የቆመ ዘመድ ዘር ነው፤ ክብር፣ ምክር፣ ግብር ወንድሞቹ ናቸው። «መቃብር» በመነሻው «መ» የታከለበት ባዕድ ዘር ነው። ይህንኑ ቃል አማርኛ በራሱ መንገድ ሲሠራው «መቅበሪያ» ይለዋል። «ፍቅር እስከ መቅበሪያ» ብንል ለምን ጆሮ እንደሚሻክረው ተማሪውን መጠየቅ የሰዋስውም የኪነ ጥበብም ትምህርት ነው። የተከበረው ማረፊያ ከግእዙ ቅርጽ ጋር፣ የዕለት ሥራው ከአማርኛው ቅርጽ ጋር መዋሉን ልጁ ራሱ ይደርስበታል።

ይህን ስንል የቅኔ ቤትን እንዳለ ወደ ክፍል እናስገባ ማለታችን አይደለም። እዚያም ጉድለት ነበር። ቋንቋው ልጁ በቤቱ የማይናገረው ነው። ዓመታት ይፈጃል፤ በቃል ሸምድዶ ምክንያቱን ሳይረዳ የሚቀር ተማሪም ብዙ ነው። እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያሉ ስመ ጥር የቅኔ መምህርት በጎጃም ምድር ቢነሡም በሩ ለሴቶች ልጆች ጠባብ ነበር። ሊወረስ የሚገባው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ቃልን በመሥራት ማስተማር ነው።

ሊቃውንቱ ይህን አላወቁም ብሎ መክሰስም ትክክል አይሆንም። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ያዘጋጁት፣ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት ያበቁት የግእዝ መዝገበ ቃላት፣ ቃላትን በየግሱ ቤት የሰበሰበ ታላቅ ሥራ ነው። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ያወጡት የአማርኛ መዝገበ ቃላትም ያንኑ ፈለግ ተከትሏል። ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ በአማርኛ ሰዋስዋቸው የቀድሞውን ትምህርት ከአዲሱ ትምህርት ቤት ጋር ሊያገናኙ ደክመዋል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የባዬ ይማም «የአማርኛ ሰዋስው» ደግሞ ሥርን ከቅጥያ ለይቶ በዘመናዊ ሥነ ልሳን መንገድ አብራርቷል። መጻሕፍቱ አሉ። የተበላሸው ከእነዚህ መጻሕፍት ወደ 7ኛ ክፍል የሚወርደው መሰላል ነው፤ በመሰላሉ ላይ ስያሜው ወርዶ አሠራሩ ከላይ ቀረ።

«ሥርና ቅርጽ ለልጅ ይረቃል» የሚል ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። ልጁ ግን ይህን ሥርዓት ትምህርት ቤት ሳይገባ ያውቀዋል። «በጀት» የሚለው የውጭ ቃል ወደ አገራችን መጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ሰው «በጀተ፣ ተበጀተ» አለ። «ፖለቲካ» ገባ፤ ቀልደኛው «ፖተለከ» ብሎ ግስ አወጣለት። የቋንቋ ምሁር ያዘዘው አልነበረም። «በጀተ» የሚለውን ሰምቶ የማያውቅ ልጅ እንኳ ሥራውን የሚሠራውን ሰው ምን እንበለው ብንል «በጃች» ማለት አያቅተውም። ከ«ተ» ወደ «ች» መሻገር እንዳለበት ማን ነገረው? ከፈተ—ከፋች፣ ቆረጠ—ቆራጭ፣ ወሰደ—ወሳጅ፣ አረሰ—አራሽ፣ ያዘ—ያዥ፣ ለመነ—ለማኝ፣ ከፈለ—ከፋይ እያለ ካደገበት ቤት አግኝቶታል። በምላስ ጫፍ የሚነገሩት እነዚህ ሰባት ድምፆች በሠሪ ስም መጨረሻ ወደ ላንቃ ይሸሻሉ። በመሣሪያ ስምም ያው ነው፤ መክፈቻ፣ መቁረጫ፣ መውሰጃ፣ ማረሻ፣ መያዣ፣ መለመኛ፣ መክፈያ። የመምህሩ ድርሻ ልጁ በአፉ ያለውን በዓይኑ እንዲያየው ማድረግ ነው።

ታዲያ በጉንደ ወይን፣ በቢቸና ወይም በሞጣ ያለ አንድ የአማርኛ መምህር ነገ ጠዋት ምን ሊያደርግ ይችላል? አዲስ መጽሐፍ አያስፈልገውም። ከወላጆች ሥራ ይነሣ። አረሰ፣ አጨደ፣ ወቃ፣ ፈተለ፣ ሸመነ የሚሉትን በሰሌዳው ላይ ይጻፍ። ክፍሉ 60 ተማሪ ቢኖርበትም ችግር የለም፤ የመጀመሪያው ረድፍ ሠሪውን፣ ሁለተኛው መሣሪያውን፣ ሦስተኛው የሥራውን ስም፣ አራተኛው ሁኔታውን ይጥራ። አራሽ፣ ማረሻ፣ እርሻ፣ አስተራረስ። አጫጅ፣ ማጭድ፣ አጨዳ፣ አስተጫጨድ። ከዚህ ላይ አንዷ ተማሪ «ማጨጃም ይባላል እኮ» ትላለች፤ መምህሩ ደስ ይበላቸው፤ የመቃብርና የመቅበሪያ ነገር በእርሻ ማሳ ላይ ተደገመ ማለት ነው። «ሸመነ» ላይ ሲደርሱ ደግሞ ክፍሉ ይሰናከል። እንደ «ለማኝ» ከሆነ «ሸማኝ» መባል ነበረበት፤ ሕዝቡ ግን «ሸማኔ» ይላል። ይህን መሰናክል መሸሽ አይገባም። ደንብ ባለበት ሁሉ ቃል የለም፤ «ሰባራ» እና «ቆራጣ» አሉ፣ «ከፋላ» ግን የለም። ተማሪው የሌለውን ቃል ሠርቶ ወደ ቤቱ ይውሰድና ለአያቱ ያሰማ። አያቱ ከሳቁ ቃሉ አልለመደም፤ ካልሳቁ ምናልባት እርሱ የማያውቀው፣ መዝገበ ቃላትም ያልመዘገበው የአገር ቃል ነው። ያን ጊዜ ተማሪው ቃል ሰብሳቢ ይሆናል።

የመጨረሻው እርምጃ መጻፍ ነው። ከአንድ ግስ የወጡ አምስት ቃላትን ይዞ አምስት ዐረፍተ ነገር፣ ከዚያም አንድ አንቀጽ ይጻፍ። ውጤት የሚሰጠውም በሠራው ላይ ይሁን።

ይህ ሁሉ ለምን ያስጨንቀናል? አንባቢ በየዕለቱ በሚሰማው ቋንቋ ላይ ጆሮውን ያቅና። የጽሕፈት ቤት አማርኛችን «መረመረ» ማለት ትቶ «ምርመራ አካሄደ»፣ «ወሰነ» ማለት ትቶ «ውሳኔ አሳለፈ»፣ «ፈጸመ» ማለት ትቶ «ተግባራዊ አደረገ» ማለትን ልማድ አድርጓል። ሕያው ግስ ስም ሆኖ ይታሰርና «አደረገ»፣ «አካሄደ»፣ «አሳለፈ» እየደገፉት ይሄዳል። በላዩም «-ነት» እና «-ኣዊ» ይደረብበታል። ሠሪው ከዐረፍተ ነገሩ ይጠፋል፤ ማን እንደ መረመረ፣ ማን እንደ ወሰነ አይታወቅም። የዚህ ልማድ ምክንያቱ የክፍል ትምህርት ብቻ ነው አንልም፤ ነገር ግን ቃልን እንደ ተጠናቀቀ ዕቃ ተቀብሎ በጫፉ ላይ መለጠፍን ብቻ የተማረ ሰው በኋላ የሚጽፈው እንዲህ ቢሆን አያስደንቅም።

ይህ ቋንቋ በሚገባ ሲሠራበት ምን እንደሚያፈራ ደግሞ በቅርብ ታሪካችን አይተናል። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ «ገበሬ» በሚለው ቦታ «አርሶ አደር» የሚለው ቃል በሰፊው ገባ። ቃሉ «አርሶ» በሚል ቦዝና «አደር» በሚል ቅጽል የተገጠመ ነው፤ ሰውየው የሚኖረው በምን እንደሆነ ይናገራል። በዚያው መንገድ «ሠርቶ አደር»፣ «አርብቶ አደር» ተባለ። በዘመኑ የነበሩ የፖለቲካ ቡድኖች «ወዝ አደር» ይባል «ላብ አደር» ይባል በሚለው እስከ መከራከር ደርሰው ነበር። ከክርክሩ መካከል የፖለቲካውን ትኩሳት ቀንሰን ብናየው፣ ሰዎች ስለ አንድ ቃል አሠራር ያን ያህል መጨነቃቸው ለቋንቋው ክብር ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው፣ በሂደትም በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች የተካሄደው ዘመቻ ስሙ «መሠረተ ትምህርት» ነበር፤ እንደ ጉንደ ወይን ያለ ጥምር ስም። በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው ይህን ስም ሲጠራ ኖሯል። ስሙ ራሱ እንዴት እንደ ተሠራ ግን ስንቱ ተነግሮታል?

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ የምሥራቅ ጎጃም ልጆችም ከጉዳቱ አላመለጡም። የመማሪያ ቀን በጎደለበት አገር፣ ልጅ በክፍል የሚያሳልፈው እያንዳንዱ ሰዓት ውድ ነው። ያን ሰዓት ለቁርጥራጭ ስም በማውጣት መጨረስ ለብክነት ቅርብ ነው። በአንጻሩ ከሦስት ተነባቢ አሥር ቃል ማውጣት የለመደ ልጅ፣ ትምህርት ቤቱ ቢዘጋበት እንኳ፣ በማሳውም በእረኝነቱም ሥራውን አያቋርጥም፤ ግሱ ከርሱ ጋር ነው።

የወይን ተክል ቅርንጫፉ የሚያምረው ግንዱ ሲጠና ነው። የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች፣ መምህራንና ደራስያን ሆይ፣ ስሟን ከግንድ ያገኘችው ከተማ ልጆች ከቅጥያው በፊት ግንዱን እንዲያውቁ እናድርግ።